ጥያቄና መልስ፦ እጄ ተፍታቷል፣ መስመሩ ግን የእኔ አይደለም

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ወጣት ነኝ። ማንጋ (የጃፓን በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ከስልክ እያየሁ ስሥል ቆይቻለሁ። ኮሚኬን ያየ ሁሉ ግን «የጃፓን ነው» ይለኛል። የራሴ የአሣሣል ስልት እንዲኖረኝ ምን ላድርግ? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ ማንጋ መውደድህ አይደለም ችግሩ። ታዋቂው የጃፓን ማንጋ ሠዓሊ ኦሳሙ ቴዙካ ራሱ ትልልቆቹን ዓይኖች ያገኘው ከአሜሪካ የካርቱን ፊልሞች ነው። አንተ የምትቀዳው ሌላ ሰው አይቶ፣ መርጦ ያስቀረውን መስመር ነው። የጣለው አይታይህም፤ ስልት የሚወጣው ደግሞ ከመጣሉ ነው።

ስለዚህ መራጩ አንተ ሁን። ሰፈርህ የሚሣል ሞልቶታል፦ ታክሲ ተራ ላይ የሚጣራ ረዳት፣ አጣና ላይ የቆመ ግንበኛ፣ ጆንያ የተጫነች አህያ። አንዱን እዚያው ቆመህ በእርሳስ 10 ደቂቃ ሣል፤ ላጲስ አትንካ። ማታ ያንኑ ሥዕል በእስክሪብቶ በ30 መስመር ድገመው፣ ቀጥሎ በ15፣ በመጨረሻ በ8። በ8 መስመር ሁሉን መያዝ አይቻልም፤ አንዱ ሠዓሊ የጎበጠውን ጀርባ ያስቀራል፣ ሌላው የጆንያውን ክብደት። አሥር ነገሮችን እንዲህ ከሠራህ በኋላ የመጨረሻዎቹን ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ለጥፋቸው። ትከሻው ሁልጊዜ ማዕዘን ከሆነ፣ ወይም የታችኛው መስመር ሁልጊዜ ከወፈረ፣ እሱ ያንተ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሆን ብለህ ተጠቀምበት። ከፎቶ አትጀምር። ፎቶ ጥልቀቱን አስቀድሞ ስለሚያጠፋው ሥዕሉ ይደርቃል።

ለአንድ ወር እስክሪብቶ አትቀያይር፤ 0.5 ጄል ወይም ተራ ቢክ ይበቃል። ባለ 80 ግራም የፎቶኮፒ ወረቀት ላይ የብሩሽ ቀለም ይፈሳል፤ ለብሩሽ 160 ግራምና ከዚያ በላይ ያዝ። ገጹን ከሚታተምበት መጠን አንድ ተኩል እጥፍ አድርገህ ሥራው። ገጹ ለኅትመት ሲያንስ የተጠጋጉ ቀጫጭን ጭረቶች ተያይዘው ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ፤ ለስልክ የምትሠራ ከሆነማ ጭረቱን ትተህ ጥላውን ሙሉ ጥቁር አድርገው።

መቅዳትህን አታቁም፤ ከአንድ ሠዓሊ ብቻ ሳይሆን ከብዙዎች ቅዳ እንጂ። ከቲንቲን ሠዓሊ ከኤርዤ ውፍረቱ የማይለዋወጥ መስመርን፣ ከሄልቦይ ሠዓሊ ከማይክ ሚኞላ የጥቁሩን አቀማመጥ ተማር። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን ደግሞ በደንብ እያቸው፦ ደጋጎቹ ሁለት ዓይናቸው ሲታይ፣ ክፉዎቹ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ጠባይን በፊት አቅጣጫ መናገር ነው ይህ። ዓይኑን ቆርጠህ ማንጋ ላይ ብትለጥፈው ግን ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ረጅም ታሪክ ከመጀመርህ በፊት አራት ገጽ ሞክር። ገጸ ባሕሪያቱን ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላና ሲሮጡ ሣልና ውስጣቸውን በሙሉ አጥቁረው። ማን ማን እንደሆነ ካልተለየ ልዩነታቸው ጸጉርና ልብስ ላይ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ የሰውነታቸውን ቅርጽ ለውጥ። አራተኛው ገጽ ላይ ያለው ፊት የመጀመሪያውን ካልመሰለ መስመር በዝቶበታል፤ ወደ 8 መልሰውና ከዚያ አንድ አንድ ጨምር።