መጫንማ ማንም ይጭናል

ልጆቼ፣ ምድር ባቡር አካባቢ ያደገ የድሬ ልጅ ዕቃ የሚሰበረው ሲጭኑት ሳይሆን ሲያራግፉት እንደሆነ ያውቃል። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ፕሮግራም መጫንና ማራገፍም እንደዚያው ነው።

አፕት ፕሮግራም የሚጭንና የሚያራግፍ መሣሪያ ነው፤ ሱዶ ደግሞ «በአስተዳዳሪ ሥልጣን» ማለት ነው። ድረ ገጽ የሚያቀርበውን አፓቼን ለመጫን «ሱዶ አፕት ኢንስቶል አፓቼ2» ብላችሁ ኢንተር ስትመቱ፣ ኔትወርኩ ደህና ከዋለ፣ ያዘዛችሁት ሻይ ሳይመጣ ያልቃል። ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ደግሞ ሳታዙት ተነስቶ ፖርት 80ን፣ የድረ ገጽ ጥያቄ የሚገባበትን በር፣ ይዞ ይቀመጣል። ነገ ሌላውን የድረ ገጽ ሰርቨር ኢንጂንኤክስን ልሞክር ስትሉ «አድራሻው ተይዟል» ይላችኋል። ብዙ ልጅ ያኔ ኢንጂንኤክስን እያጠፋ መልሶ ይጭናል። አቦ፣ መጀመሪያ በ«ኤስኤስ» ትዕዛዝ ፖርቱን ማን እንደያዘው እዩ!

ማራገፍ ሁለት ዓይነት ነው። «ሪሙቭ» ፕሮግራሙን ወስዶ ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ኮንፊግ፣ ማለትም የማስተካከያ ፋይሉን፣ ይተወዋል። የድሬው ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ወንዝነቱን ያሳያችኋል። ሪሙቭ ያላችሁትንም እንዲሁ ከወራት በኋላ መልሳችሁ ስትጭኑ የድሮው ስህተታችሁ ከነመስመሩ ይጠብቃችኋል። ማሽኑ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች በሚያሳየው የ«ዲፒኬጂ» ዝርዝር ውስጥ ከስሙ ፊት «አርሲ» ካያችሁ፣ ኮንፊጉ ገና እዚያው ነው ማለት ነው። «ፐርጅ» ግን እሱንም ይጠርገዋል።

ፐርጅን እኔ የተማርኩት ከዚራ ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ስሙ ይቅር። ከሰዓት ነው፣ ቬንቲሌተሩ የሚያመጣው ሙቅ አየር ብቻ። ዳታቤዞቹን የሚይዘው ፕሮግራም፣ ማይኤስኪውኤል፣ አልነሳ አለኝና «አጽድቼ ልጫነው» ብዬ ፐርጅ አልኩት። መሃል ላይ ዳታቤዞቹም ይጥፉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጠየቀኝ እኮ! እሺ ማለት የለመደ እጄ ሳያነብ እሺ አለ። ዳታው በሚቀመጥበት ፎልደር፣ ቫር ሊብ ስር፣ የነበረው የሁለት ዓመት ደረሰኝ ጠፋ።

ባክአፕ ነበረኝ፤ ግን የሦስት ሳምንት አሮጌ። የቀረውን የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ከካርቦን ኮፒው እያነበበች፣ እኔ እየጻፍኩ መለስነው። ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። አንድም ቀን አልተቆጣችኝም፤ የከበደኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ዳታቤዝ ያለበትን ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት በ«ማይኤስኪውኤል ደምፕ» ቅጂ አውጡ፣ ቅጂውንም ሌላ ማሽን ላይ አስቀምጡት። ቀጥሎ የማጥፊያውን የአፕት ትዕዛዝ «ሰረዝ ኤስ» ጨምራችሁ ጻፉት። ምንም ሳይነካ ምን ምን እንደሚሄድ ብቻ ያሳያችኋል፤ ሱዶም አይፈልግም። ከአንዱ ጋር ተያይዞ የሚሄድ ሌላ ፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) አለና ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ከእንግዲህ አያስፈልጉም የሚላቸውን ፓኬጆች የሚያጠፋው «ኦቶሪሙቭ» ላይም እንደዚያው።

አፕት የሠራውን ሁሉ ቫር ሎግ ውስጥ «ሂስትሪ» በሚባል ፋይል ይመዘግባል። የዚያን ቀኑን በኋላ ከፍቼ አየሁት፤ ትዕዛዙ፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ተጽፏል። አንድ ደቂቃ አይሞላም።