ስለ ሆድ ውሃ ጠይቁ፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ

ሀዋሳ ውስጥ በውስጥ ደዌ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ካንሰሩ ተስፋፍቶ ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው የምታስታምሙ፣ ጠይቁ። መድኃኒት ግን እዚህ አላዝም።

ጥያቄ፦ እናቴ የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማፍሪያ) ካንሰር ነው ተብላለች። ሆዷ ተነፍቶ መተኛት አቅቷታል። ሐኪሙ «ውሃው ይቀዳ» ቢል አክስቶቼ «ከተቀዳማ አትተርፍም» ብለው አስቀሩን።

መልስ፦ ይህን ወሬ ስንቴ ሰማሁት! ብዙ ቤተሰብ በሽተኛውን የሚያመጣው ትንፋሽ ካጠረው በኋላ ነው፤ በቀናት ውስጥ ሲያርፍ መርፌው ይወቀሳል። የገደለው በሽታው ነው እህቴ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። እናትሽ ሽንታቸውን ሸንተው ከወገባቸው ቀና ብለው ጋደም ይላሉ። ውሃው የበዛበት ቦታ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ከእምብርት ዝቅ ብሎ ነው። ቦታው ከደነዘዘ በኋላ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ቢጫ፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ ውሃ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል። ግፊታቸው እየተለካ ጥቂት ሰዓት ይፈጃል። መድማት፣ ኢንፌክሽን ወይም የአንጀት መነካት ሊያጋጥም ይችላል፣ ግን ብዙም አይደለም። አብዛኛው ሰው ወዲያው ይቀለዋል፤ እዚያው ምግብ የሚጠይቅም አለ።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ። ደግሞ የኦቫሪ ካንሰር ለኬሞ ጥሩ ምላሽ ከሚሰጡት አንዱ ነው፤ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የሚባሉት የኬሞ መድኃኒቶች ሲሠሩ ውሃውም ይቀንሳል። የኬሞ ቀጠሮ አይለፋቸው።

ጥያቄ፦ ተቀድቶ በሁለት ሳምንት ተመልሶ ሞላ። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

መልስ፦ እሱ የተለመደ ነው። መቅዳት ያቀልላል እንጂ ካንሰሩን አይነካም። ቶሎ ቶሎ ለሚሞላበት ሰው ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ ቋሚ ቱቦ አለ፤ ቤተሰብ ቤት ውስጥ በየጥቂት ቀኑ ይቀዳል። መኖሩንና ዋጋውን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ውሃ በሽንት እንዲወጣ ላሲክስ እየወሰደ ነው፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ውሃው ከየት እንደመጣ ይወስነዋል። ካንሰሩ ጉበትን ሞልቶ የደም ሥሩን ካጨናነቀ፣ ላሲክስና እንደሱ ሽንት የሚያሸናው ስፓይሮኖላክቶን ሊረዱ ይችላሉ። የሆድን ሽፋን ራሱን ከወረረ ግን ብዙም አይሠሩም፤ ማዞርና የኩላሊት ጉዳት ያተርፋሉ። ከውሃው የሚለካው አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን በደሙ ውስጥ ካለው ጋር ሲነጻጸር ይህ ይለያል። በነገራችን ላይ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ከእነዚህ ጋር ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ አትግዙ።

ጥያቄ፦ ናሙና ሳይወሰድ ካንሰር ነው ተባልን።

መልስ፦ ይወሰድ በሉ! የሆድ ቲቢም ሆድ ይነፋል፣ ያከሳል፣ ለኦቫሪ ካንሰር የሚታየውን ሲኤ-125 የሚባል የደም ምርመራ እንኳ ከፍ ያደርጋል። ቲቢ ደግሞ ይድናል። የመጀመሪያው ውሃ ሳይመረመር ሲደፋ ሳይ እናደዳለሁ።

ጥያቄ፦ ጨው እንከልክለው? ጸበልስ?

መልስ፦ ሁለት ጉርሻ ብቻ ለሚበላ ሰው አልጫውን ጨው ነስቶ ማቅረብ ቅጣት ነው፤ ሐኪሙ ለይቶ ካላዘዘ ተዉት። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ አብሉት። ከአሞራ ገደል፣ ከሀዋሳው ዓሳ ገበያ፣ የመጣ ዓሳ በሾርባ ቢሆን በጣም ደስ ይለኛል። ጸበሉን ይጠመቅ፣ ይቅመስ፤ በጆግ መጠጣቱ ግን ይቅር፣ ሆዱ ቦታ የለውም።

ጥያቄ፦ የተቀዳበት ቀዳዳ ያፈሳል።

መልስ፦ በሌላው ጎን ይተኛ፣ ንጹህ የቁስል ጋዝ (ፋሻ) ይደረግበት፤ ካላቆመ በስፌት ይዘጋል። ትኩሳት፣ ሆድ ሲነካ የሚብስ ሕመም፣ የሽንት መጥፋት ወይም መቀባዠር ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን በባጃጅ አምጡት።

ጥያቄ፦ አባቴ «ከእንግዲህ አትቅዱኝ» አሉ።

መልስ፦ ለምን እንደሆነ ቁጭ ብለህ ጠይቃቸው ወንድሜ። መርፌው አሟቸው ከሆነ ማደንዘዣው ይጨመራል። ወጪው አሳስቧቸው ከሆነ ያ ሌላ ወሬ ነው። በቃኝ ማለታቸው ከሆነ ግን መብታቸው ነው። ለትንፋሽና ለሕመም የሚዋጥ ሞርፊን አለ፤ ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻው አብሮ ይታዘዝ። ትራስ ከጀርባቸው ደርባችሁ ቀና አድርጓቸው።