መልስ፦ የድራማ ጥሩር ማሰሪያ ደሴ ላይ ከየት ይገኛል?

እህቴ፣ ከካርቶንና ከስፖንጅ ምንጣፍ ለሠራሽው የድራማ ጥሩር (ጦረኛ ደረቱን የሚከላከልበት ልብስ) ማሰሪያ ከደሴ ሳልወጣ አገኛለሁ ወይ ብለሻል። በደንብ ታገኛለሽ። መጀመሪያ ሰልባጅ የሚሸጥበት ሂጂና አሮጌ የጀርባ ቦርሳ ግዢ። ማንገቻው ጠንካራ ናይለን ነው፣ ማጥበቂያ ዘለበቱም አብሮት ይመጣል። ስትቆርጪው ጫፉን በክብሪት ለብለብ አድርጊው፣ አለዚያ ይተረተራል። ለትከሻ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ምረጪ፤ ቀጭኑ ሥጋ ይቆርጣል።

ቆዳ መምሰል ካለበት የድሮ ቀበቶ ይበቃል። ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርድ ሰው ካለሽም የለፋ ቆዳ አስመጪ። ጠፍር ግን አደራ እንዳትገዢ! ያልለፋ ቆዳ ስለሆነ በላብ ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል።

ዋናው ነገር አያያዙ ነው። ማስቲሽ ብቻውን አይበቃም፤ ማሰሪያው ሲሳብ ስፖንጁን ገንጥሎ ይወጣል። ከውስጥ በኩል የመዳፍ ያህል ቁራጭ ቆዳ ለጥፊና ጫማ ሰፊ ማሰሪያውን ከቆዳው ጋር አራቱን ጎን ዙሮ በወስፌ ይስፋልሽ። ከብብት በታች፣ በግራም በቀኝም፣ ሰፊ ላስቲክ አድርጊ፤ ጥሩሩን ለብሶ የሚጫወተው ልጅ ሲፎክር ደረቱ መነፋት አለበት።