ሰው የማይነካው ፒያኖ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፍላችሁ። ማታ ማታ በኦንላይን ሬዲዮ ሰው ሳይነካው ራሱ የሚጫወት ፒያኖ እሰማለሁ፣ ጓደኞቼ ግን «ባክህ ኮምፒውተር ነው» ይሉኛል። እውነት ነው እንዴ? ሰፈር ውስጥስ እንዴት ላስተዋውቀው?

መልስ፦ ኧረ የድሮው ዓይነት ፒያኖ ከሆነ ኮምፒውተር አይደለም ወንድሜ! ፒያኖው ውስጥ የተበሳሳ የወረቀት ጥቅል ይዞራል፣ ቀዳዳው ቦታው ሲደርስ አየር ይገባና የዛን ድምፅ መዶሻ ያስመታዋል፣ በቃ ይሄው ነው። ከሱ የሚቀድመው ደሞ የሙዚቃ ሳጥን ነው፣ በ1796 እ.ኤ.አ. አንቷን ፋቭር የሚባል የጄኔቫ ሰዓት ሠሪ ነው ቀጫጭን የብረት ጥርሶችን በእሾህ እያስነካ ያስጮኸው፣ ክራርን በጣት ፋንታ እሾህ ሲመታው በለው። (እኔ በግሌ ከፒያኖው ሳጥኑ ይበልጥብኛል።)

ለማስተዋወቁ፣ ዝም ብለህ ሊንክ አትበትን፣ ማንም አይከፍተውም። ሻይ ቤት ስፒከር ይዘህ ሂድና መጀመሪያ ምኑ እንደሚዞር ንገራቸው፣ ሬዲዮ ላይ መሣሪያው ስለማይታይ ካልነገርካቸው ተራ ፒያኖ ነው የሚመስላቸው፣ ከተገኘ ደሞ የሙዚቃ ሳጥኑ እንደ ሰዓት ሲሞላ ክርር የሚለውን ከዜማው በፊት አሰማቸው። ዳታ ካሳሰበህ በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚተላለፈውን ምረጥ፣ በሰዓት 29 ሜጋ አካባቢ ነው የሚበላው።