«ሰባቱን ሰርቨር በአንድ ብንተካስ?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጆች። የአንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት የአይቲ ሠራተኛ ነኝ፣ ያለሁት ብቻዬን ነው። ሰባት ትንንሽ ሰርቨሮች አሉን። ለፋይል፣ ለሒሳብ፣ ለፕሪንተር፣ ለዶሜይን (የሠራተኛው መግቢያ ስምና ይለፍ ቃል ለሚያዝበት) እያልን አንድ በአንድ የገዛናቸው ናቸው። የሁለቱን ሥራ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ለቋል። ክፍሉ እንደ ምድጃ ይግላል። አለቃዬ «አንድ ጠንካራ ማሽን ገዝተን ሁሉንም እዚያ ላይ እንጫናቸው» ይላሉ። ልስማቸው ወይስ ልከራከር?

መልስ፦ ስማቸው ወንድሜ። ሐሳቡ የቆየ ነው። አይቢኤም አንዱን ማሽን ብዙ አስመስሎ የሚከፋፍለውን ቪኤም/370 ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ዛሬ ይኼው ሥራ ሊኑክስ ውስጥ ኬቪኤም በሚባለው ነገር በነፃ ይገኛል። እንዲህ ተከፍላ የምትገኝ አስመሳይ ማሽን «ቨርቹዋል ማሽን» ትባላለች።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ለፕሮሰሰሩ ነው። እሱ ብዙም አያሳስብህ። የቢሮ ሰርቨር አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈትቶ ነው የሚውለው፤ ሰባቱን ከፍተህ ብታይ 3 እና 5 ከመቶ ላይ ተኝተው ታገኛቸዋለህ። ራሙን ስትደምር ደግሞ የተገጠመውን ሳይሆን በትክክል የሚጠቀሙትን ያዝ። ልኬቱን ግን በአንድ ረቡዕ ከሰዓት እንዳትጨርሰው። የወር መጨረሻ፣ ደሞዝ የሚሠራበት ቀን፣ ውስጡ ይግባ።

ጉዱ ያለው ዲስኩ ላይ ነው። አሁን እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ ዲስክ አለው፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ሁሉንም አንድ ቦታ ስትሰበስብ ግን ጠዋት ሠራተኛው ሲገባ ሰባቱም እኩል እዚያው ዲስክ ላይ ይረባረባሉ። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ተራ ሃርድ ዲስክ፣ ወዲያ ወዲህ የተበታተነ ንባብ ሲሆን፣ በሰከንድ ከ100 ጥያቄ ብዙም አያልፍም። አራቱን በሬይድ 5 (ዲስኮቹን አጣምሮ አንዱ ቢበላሽ መረጃው እንዳይጠፋ በሚያደርግ አሠራር) ብታቀናጅ ንባቡ ይሻሻላል፤ ትንሽ ጽሑፍ ለመጻፍ ግን አሮጌውን መረጃ ማንበብ፣ አሮጌውን ማረጋገጫ ማንበብ፣ ከዚያ ሁለቱንም እንደገና መጻፍ አለበት፣ አንዱ ሥራ አራት ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ከፕሮሰሰሩ ቀንሰህ ኤስኤስዲ (የሚዞር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ጨምር። ይኼን ሳያደርጉ «ቨርቹዋል ማሽን ቀርፋፋ ነው» የሚሉ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ።

ከመብራት የምታተርፈውን አለቃህ ይወዱታል። ሳይጠፋ የሚሠራ 100 ዋት በዓመት 876 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ሰባቱ እያንዳንዳቸው 100 ቢወስዱ 6,132 ነው፤ 300 ዋት የሚወስድ አንድ ማሽን ግን 2,628። ማቀዝቀዣውን ገና አልቆጠርንም።

የላይሰንሱ (የሶፍትዌር መጠቀሚያ ፈቃዱ) ነገር ግን ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ የማሽኑን ኮሮች (የፕሮሰሰሩን ማስያ ክፍሎች) በሙሉ፣ ቢያንስ 16፣ ከሸፈንክ የሚፈቅድልህ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ብቻ ነው። ስድስት ከፈለግህ ያንኑ ማሽን ሦስት ጊዜ ትከፍልበታለህ። በጀቱን ከማጽደቃችሁ በፊት አስላው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አንድ ጊዜ ሁሉንም አዛወርኩ፣ የማሽኖችን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚፈታውን ዲኤንኤስ ጭምር። ዋናው ማሽን ቨርቹዋል ማሽኖቹ የተቀመጡበትን የኔትወርክ ዲስክ የሚፈልገው በቁጥር ሳይሆን በስሙ ነበር። አንድ ቅዳሜ መብራት ሄዶ መጣ። ማሽኑ ተነሣና ዲስኩን በስሙ ጠራ። ስሙን የሚያውቀው ዲኤንኤስ ደግሞ እዚያው ዲስክ ውስጥ ተኝቷል! ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን መቆለፍ በሉት። በቁጥሩ እስካስገባው ድረስ ላብ በላብ ሆንኩ። ስለዚህ አንዱን ዲኤንኤስ እና ዶሜይን ውጪ ባለ ትንሽ ማሽን ላይ ተወው።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፣ አይደል? ከሰባቱ ደህናውን መርጠህ ባክአፑን (የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ) እዚያ አድርግ፣ ከቻልክ ሌላ ክፍል ውስጥ። ስናፕሾት (የማሽኑን የአንድ ቅጽበት ሁኔታ መያዝ) ባክአፕ አይደለም፤ የሚቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ ነውና አብሮ ነው የሚሞተው። በወር አንዴ አንዱን ቨርቹዋል ማሽን ከባክአፕ አንሥተህ ሞክር።

ባለቤት የሌላቸውን ሁለቱን እንዳታጠፋቸው። ለዓመታት ሲዞር የኖረ ዲስክ አንዴ ከቆመ ላይነሣ ይችላል። የኔትወርክ ኬብላቸውን ብቻ ንቀልና ማን እንደሚጮህ ጠብቅ። ሦስት ወር ሙሉ ማንም ካልጮኸ አያስፈልጉም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ፕሮግራማችን ከሰርቨሩ ጀርባ የተሰካች ፍላሽ የምትመስል ቁልፍ ከሌለች አይከፈትም። አይቲዎቹ ወደ አንድ ማሽን ሲያዛውሩን ምን እንሆናለን?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ከብዙ አይቲዎች ይበልጣል። ማሽን ከሚከፋፍሉት ሶፍትዌሮች ቪኤምዌር እና ኬቪኤም ቁልፏን ለአንዱ ቨርቹዋል ማሽን መስጠት ይችላሉ፤ የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ ግን በቀጥታ አይችልም። ከተቻለም በኋላ ፕሮግራሙ ቁልፏ ከተሰካችበት ማሽን ጋር ታስሮ ይቀራል። መጀመሪያ ፕሮግራሙን የሸጠላችሁን ድርጅት በፋይል የሚሠራ ላይሰንስ ይቀይርላችሁ እንደሆነ ጠይቂ። እምቢ ካለ በኔትወርክ ዩኤስቢ የሚያካፍሉ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ። አይቲዎቹን ደግሞ ዝውውሩን ወር ከተዘጋ በኋላ እንዲያደርጉት ንገሪያቸው፣ የድሮውንም ሰርቨር ቀጣዩን ወር ዘግታችሁ እስክታዩ ድረስ ማንም እንዳይነካው።