ፕሮቲን ሲጣመም፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒትም አላዝም። የተጣመመ ፕሮቲን አንጎል ውስጥ ስለሚጠራቀምባቸው በሽታዎች፣ ማስታወስን ስለሚነጥቀው አልዛይመርና እንቅስቃሴን ስለሚያውከው ፓርኪንሰን አውሩ ስል ጥያቄው ዘነበብኝ። ቅደም ተከተል አልጠበቅኩም፤ እጄ የገባውን እያነሳሁ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኛ ፕሮቲን የምንለው ሥጋና ምስር ነው። ከአእምሮ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ የበላኸው ምስር ሆድህ ውስጥ ፈርሶ አሚኖ አሲድ ይሆናል። ሰውነትህ እነዚያን እንደ ዶቃ በክር እየሰካ የራሱን ፕሮቲን ይሠራል። የዶቃው ዓይነት 20 ነው። ክሩ ታዲያ እንደተዘረጋ አይቀመጥም። ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል፣ አንድ የተወሰነ ቅርጽ ይይዛል። ሥራውን የሚሠራው በዚያ ቅርጽ ነው። ጥርሱ የተጣመመ ቁልፍ ብረቱ ያው ብረት ነው፤ በር ግን አይከፍትም።

ማን ያጥፈዋል ላልከኝ፣ አብዛኛውን ራሱ። ክርስቲያን አንፊንሰን የተባለ አሜሪካዊ 124 አሚኖ አሲድ ያለውን አንድ ፕሮቲን በኬሚካል ፈታታው። ኬሚካሉን ሲያስወግድለት ፕሮቲኑ ራሱ ተመልሶ ታጠፈ። ለዚህ ሥራ በ1972 ኖቤል ተሸልሟል።

ጥያቄ፦ ራሱ የሚታጠፍ ከሆነ ምን ያጣምመዋል?

መልስ፦ የዘር ለውጥ፣ እርጅና፣ አንዳንዴም እንዲሁ አጋጣሚ። ውሃ የማይወዱት የፕሮቲኑ ክፍሎች በደህናው ጊዜ ወደ ውስጥ ተሸሽገዋል። ሲጣመም ወደ ውጭ ይወጣሉ። ያኔ ያገኙት ላይ ይለጠፋሉ።

አይብ ስታወጡ አይታችሁታል። አሬራው ለስ ባለ እሳት ላይ ተጥዷል። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ዳር ዳሩን ነጭ ነገር ብቅ ይላል፣ ሳታስቡት ይቋጥራል፣ አጓቱ ለብቻው ይቀራል። የቋጠረው እርስ በርሱ የተያያዘ የወተት ፕሮቲን ነው። መልሳችሁ አሬራ አታደርጉትም። ምሳሌዬ አንድ ጉድለት አለው፦ አይብ እንደመጣለት ነው የሚቋጥረው። አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመው፣ አሚሎይድ የሚባለው የተጣመመ ፕሮቲን ክምር ግን በመሶብ ላይ እንዳለ እንጀራ በሥርዓት ይነባበራል። ለማፍረስ ያስቸገረውም ይሄ ነው። ደግሞም ዓመታት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ሰውነት ዝም ብሎ ያያል?

መልስ፦ አያይም። ፕሮቲን ሲታጠፍ የሚያግዙ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ። ክፍል ውስጥ “ሚዜዎች” እላቸዋለሁ፤ ሙሽራው ደህና እስኪቆም አጅበውት፣ ከዚያ ለሌላ ሠርግ ይሄዳሉ። ሚዜ ያላዳነውን ደግሞ የሚቆራርጥ ክፍል አለ። ዕድሜ ሲገፋ ሁለቱም ይደክማሉ። የነርቭ ህዋስ ሌላ ችግርም አለበት። የቆዳ ህዋስ ሲከፋፈል ቆሻሻውን ለልጆቹ ያካፍላል። ነርቭ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይከፋፈልም። የ70 ዓመት ሰው ይዞ የተወለደውን ነርቭ ነው የሚጠቀመው፣ ከነጉዱ።

ጥያቄ፦ አባቴ 74 ዓመቱ ነው። ዘመድ ሁሉ “ጃጅቶ ነው፣ እርጅና ነው፣ ተዉት” ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ “ጃጀ” የምትለውን ቃል አልወዳትም። ብዙ ሰው ሳይመረመር እንዲቀር ያደረገች ቃል ናት።

በ1901 ፍራንክፈርት ሆስፒታል የገባችውን አውጉስተ ዴተርን ልንገርህ። 51 ዓመቷ ነበር። በዚህ ዕድሜ ጃጀች የሚላት የለም። ዶክተር አሎይስ አልዛይመር ስምሽን ጻፊ ሲላት ትጀምርና መሃል ላይ ይጠፋባታል። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ አየው። ከህዋሶቹ ውጭ የተጋገረ ነገር፣ ከውስጣቸው ደግሞ እንደ ተቋጠረ ክር የተወሳሰበ ነገር አገኘ። የውጪው ቤታ አሚሎይድ፣ የውስጡ ታው የሚባል ፕሮቲን መሆኑ የታወቀው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

መነጽር የት እንዳስቀመጡ መርሳት ያለ ነው። መነጽሩ ለምን እንደሆነ መርሳት ግን ሌላ ነው። አባትህን ሐኪም ያየው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርትም ሰውን ያስረሳል። እነዚህ ይታከማሉ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እናቴን የማስታምመው እኔ ነኝ። አልዛይመር ነው ተብላለች። ኩባያዋን መለየት አለብኝ?

መልስ፦ የለብሽም የኔ እህት። አብረሽ ብይ፣ አጉርሻት፣ ሳሚያት። በማስታመም አይተላለፍም።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ከተጣመሙት ፕሮቲኖች መካከል ፕሪዮን የሚባለው በእርግጥ ከሰው ወደ ሰው ሊሻገር ይችላል። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ፎሬ የሚባል ሕዝብ ሟቹን ለማክበር አስከሬኑን ይበላ ነበር። ኩሩ የሚሉት በሽታ ፈጃቸው። (የእኛ “ኩሩ” አይደለም፤ በእነሱ ቋንቋ መንቀጥቀጥ ማለት ነው።) በብዛት ያለቁት አንጎሉ የሚደርሳቸው ሴቶችና ልጆች ናቸው። ልማዱ ከቀረም በኋላ፣ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ የታመመ ሰው ነበር። ሳይንቲስቱ ስታንሊ ፕሩሲነር በ1982 የዚህ ዓይነት በሽታ መንስኤው ቫይረስ ሳይሆን ፕሮቲን ብቻ ነው ሲል ብዙዎች ሳቁበት። በ1997 ኖቤሉን ወሰደ። የተጣመመው ፕሮቲን ጤነኛውን ሲያገኘው እንደራሱ ያጣምመዋል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ቁርጥ እወዳለሁ። ከእብድ ላም በሽታ አንጻር አቁም ትይኛለሽ?

መልስ፦ ከኮሶ አንጻር ከሆነ አዎ። የእብድ ላም በሽታን የሚያመጣውን ፕሪዮን ግን መቀቀልም አያጠፋውም፤ ጥሬና ብስል ልዩነት የለውም። የእንግሊዝ ከብቶች የታመሙት ከሌላ ከብት ሥጋና አጥንት የተፈጨ መኖ ስለበሉ ነው። ሰው ላይ መድረሱ በ1996 ተነገረ። ዋናው አደጋ ያለው የታመመ ከብት አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የጓያ በሽታስ?

መልስ፦ አይ፣ ያ ሌላ ነው። ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ፤ ነርቭን ከልክ በላይ እያነቃቃ ይገድላል። በችግር ጊዜ ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይሽመደመዳል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል።

ጥያቄ፦ ፓርኪንሰን?

መልስ፦ እዚያ የሚጠራቀመው አልፋ ሲኑክሊን ነው። ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት የጎደለውን ዶፓሚን፣ ማለትም አንጎል እንቅስቃሴን የሚመራበትን ኬሚካል ይተካል፣ እንቅስቃሴ ያቀላል። ጥርቅሙን ግን አይነካም።

ጥያቄ፦ በዘር ይወረሳል?

መልስ፦ አብዛኛው አልዛይመርና ፓርኪንሰን በቀጥታ አይወረስም። ሀንቲንግተን የሚባለው ሌላ የአንጎል በሽታ ግን ይወረሳል፤ አንዱ ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ጂኑ ውስጥ ሲ-ኤ-ጂ የሚል ፊደል ይደጋገማል። ድግግሞሹ 40 ከደረሰ ሰውየው ዕድሜ ከሰጠው በሽታው መምጣቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ አሚሎይዱን የሚጠርግ መድኃኒት ወጣ ይባላል።

መልስ፦ ወጥቷል። ሌካኔማብ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። በ1,795 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ18 ወር ውስጥ መባባሱን በ27 በመቶ አዘገየ። አዘገየ እንጂ አላቆመም፣ የጠፋውንም አልመለሰም። በሙከራው በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጥ ነበር። አንጎል ሊያብጥና ሊደማ ስለሚችል ኤም.አር.አይ ያስፈልጋል። ደግሞ የሚሰጠው በሽታው ገና ሲጀምር ነው። ለዚህ ነው “ጃጅቶ ነው፣ ተዉት” ስትሉ የምናደደው።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም “አእምሮ የሚያጸዳ” ዱቄት ይሸጣል። ለአክስቴ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዢ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር የፕሮቲን እጥፋትን ፈታው ተብሎ የለ? ታዲያ ምን ቀረ?

መልስ፦ አልፋፎልድ የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የምትለው። የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል በከፊል ለእሱ ሥራ ነው የተሰጠው፤ ይገባዋልም። የዶቃውን ተራ ስትሰጠው የመጨረሻውን ቅርጽ ይተነብያል። የሠርግ ፎቶ እንደማለት ነው። እኛ የቸገረን ከሠርጉ በኋላ ያለው ነው፦ ለ50 ዓመት ደህና የኖረ ፕሮቲን የትኛው ቀን ላይ፣ የትኛው ህዋስ ውስጥ መጣመም ጀመረ? የቀሩትን ጥያቄዎች ቅዳሜ አያቸዋለሁ፤ አሁን የማርመው ፈተና ተቆልሎ ይጠብቀኛል።