ልቧ በነፋስ ከተጠረበው በረዶ ጋር ለሆነ የኢንጂነሪንግ ተማሪ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ከቤተሰቤ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣሁት የሃይስኩል ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ግሪን ካርድ አለኝ። አሁን ሲቪል ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ልቤ ግን ያለው ፎቶ ላይ ነው። ሰው አላነሳም። በዊንተር ሐይቁና የእርሻው ሜዳ ላይ ነፋስ በረዶውን እየጠረበ የሚሠራውን መስመርና ሞገድ ነው የማነሳው። ቤተሰቦቼ “ፎቶ ከወደድሽ ሠርግና ክርስትና አንሺ፣ እሱ ገንዘብ አለው” ይሉኛል። ትምህርቴን ወደ ፎቶግራፊ ልቀይር? በዚህ ዓይነት ፎቶ መኖር ይቻላል? የተሻለ ካሜራስ ልግዛ? ካነሳኋቸው ጥቂቱን ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ የላክሻቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። ጥሩ ዓይን አለሽ። ይህን ለማበረታታት ብዬ አይደለም የምልሽ። ብርሃኑ በጎን እስኪመጣ ጠብቀሽ ማንሳትሽ ከፎቶዎቹ ያስታውቃል፤ ትዕግሥቱ ከሌለ ያ አይመጣም።

ትምህርትሽን ግን አትቀይሪ። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፤ ቤተሰቦችሽ ከሚሉሽ ምክንያት ይለያልና።

ፎቶዎችሽ ላይ የሚታየው የነፋስ ሥራ ነው። ነፋስ በረዶን ምን እንደሚያደርገው ማንበብ ደግሞ አንቺ ባለሽበት ስቴት ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ነው። ያንን ሙያ የሚሠሩት ብዙዎቹ ኢንጂነሮች ናቸው። እስካሁን ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ ስታያቸው ኖረሻል መሰለኝ።

ለሌሎች አንባቢዎች ስል ነገሩን ላብራራ። ነፋሱ በቂ ጉልበት ሲያገኝ ያልጠነከረውን በረዶ ከላይ እያነሳ ያዘልለዋል። ቅንጣቶቹ ከመሬት ብዙም ሳይርቁ እየዘለሉ ይጋጫሉ። ስስ ጫፎቻቸው ይሰባበራሉ። ሲያርፉ ተጠጋግተው ይጣበቃሉ፣ ይደነድናሉ። ከዚህ በኋላ ሁለት ዓይነት ቅርጽ ይወጣል። አንዱ ነፋሱ የቆለለው ነው፤ ነፋሱ በመጣበት በኩል ለዘብ ያለ ዳገት፣ በሚሄድበት በኩል ቀጥ ያለ ቁልቁለት አለው። ሌላው ነፋሱ የጠረበው ነው። የደነደነውን እየቦረቦረ ሹል አፍንጫ ያወጣለታል፤ አፍንጫው የሚያመለክተው ነፋሱ ወደመጣበት ነው። ይህን ባለሙያዎች ሳስትሩጊ ይሉታል። በደቡብ ዋልታ የሚጓዙ ሰዎች ሰማይና ምድሩ አንድ ዓይነት ነጭ ሆኖ አቅጣጫ ሲጠፋባቸው፣ እነዚህን ሸንተረሮች እያዩ መስመራቸውን ይጠብቃሉ።

ከላክሽልኝ በአንዱ ፎቶ ላይ በሁለት አቅጣጫ የሄዱ መስመሮች ይቆራረጣሉ። ነፋሱ መሀል ላይ ዞሯል ማለት ነው። መቼ ዞረ? ከየት ወደ የት? ምንም አልጻፍሽም። ከአሁን በኋላ ጻፊ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት፣ ቅዝቃዜውን። በቅርብሽ ያለው ኤርፖርት የሚመዘግበውን የአየር ሁኔታ ከናሽናል ዌዘር ሰርቪስ በነፃ ታገኛለሽ። ይህ ትንሽ ልማድ የፎቶሽን ዋጋ ይቀይረዋል።

ዊልሰን ቤንትሊ የሚባለውን ሰው ታውቂው ይሆናል። የቬርሞንት ገበሬ ነበር። በጥር 1885፣ ገና 20 ዓመት ሳይሞላው፣ ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አገናኝቶ የበረዶ ቅንጣት አነሳ። በ1931 እስኪሞት ድረስ ከ5,000 በላይ ቅንጣቶች አንስቷል። ኑሮው ከብት እርባታው ነበር። ጎን ለጎን ግን የየቀኑን የአየር ሁኔታ ይመዘግብ ነበር። ፎቶዎቹ ሳይንቲስቶች ጋር የደረሱት ውበታቸው ብቻ ስቧቸው አይመስለኝም፤ መዝገቡም ረድቶታል።

አሁን ወደ ሥራው። የሚኒሶታ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነፋስ የሚነዳው በረዶ መንገድ እንዳይዘጋ የሚሠራ ራሱን የቻለ ፕሮግራም አለው። ለገበሬዎች እየከፈለ ከመንገዱ ዳር ጥቂት ረድፍ በቆሎ ሳይታጨድ እንዲቆም ያደርጋል፤ ዛፍና ቁጥቋጦም ያስተክላል። ነፋሱ እዚያ ሲደርስ ይደክምና የተሸከመውን በረዶ ይጥላል። ቀላል ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ከባድ ነው። ዋዮሚንግ ስቴት ውስጥ ኢንተርስቴት 80 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ለዓመታት የሠራው ሮናልድ ታብለር የሚባል መሐንዲስ በዚህ ነገር ስሙ የታወቀ ነው። ግማሽ ያህሉ ክፍት የሆነ አጥር ከጀርባው የሚያከማቸው በረዶ እስከ ቁመቱ 35 እጥፍ ድረስ ይዘረጋል። አጥሩ 4 ሜትር ከሆነ 140 ሜትር ማለት ነው። አጥሩን አስፋልቱ አጠገብ ያቆመ ሰው በረዶውን መንገዱ ላይ ይቆልለዋል፤ የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ነው። አንቺ ሐይቁ ላይ ከሸምበቆ ጀርባ ያነሳሽው ረጅም የበረዶ ጅራት የዚሁ ሕግ ትንሹ መልክ ነው።

ሌላም አለ፤ እዚያው ሚኒያፖሊስ ውስጥ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሴንት አንቶኒ ፎልስ ላቦራቶሪ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ከ1938 ጀምሮ አለ። ሥራው የውኃና የአየር ፍሰትን ማጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በ2014 ያሳተሙትን ሥራ አንብቢው። ሮዝማውንት ባለው ባለ 2.5 ሜጋዋት የነፋስ ተርባይን አጠገብ፣ ሌሊት በረዶ ሲጥል ጠንካራ መብራት አበሩ፤ የሚወርደውን ቅንጣት በካሜራ ቀረጹት። ቅንጣቶቹ ነፋሱን ተከትለው ስለሚሄዱ፣ ተርባይኑ ከኋላው ያለውን አየር እንዴት እንደሚያሽከረክረው በዓይን ታየ። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ምንድነው? በረዶ ላይ የነፋስን መልክ ማንሳት ነው።

ፎቶግራሜትሪ የሚባለውንም ልብ በዪው። ከድሮን ብዙ ፎቶ አንስቶ የመሬቱን ቅርጽና የበረዶውን ጥልቀት ማስላት ነው። ችግሩ ሶፍትዌሩ አዲስና ለስላሳ በረዶ ላይ የሚይዘው ነጥብ ያጣል፤ ሁሉም ነጭ ነውና። ፀሐይዋ ዝቅ ስትልና ነፋሱ ያወጣው መስመር ጥላ ሲጥል ግን ይይዛል። ብርሃኑ መቼ ቅርጹን እንደሚያወጣው አንቺ ሳይነገርሽ የምታውቂው ነገር ነው። ብዙ ኢንጂነር ይህን አያውቅም።

ስለዚህ የምመክርሽ፣ ሲቪሉን ቀጥዪ፤ ከምርጫ ኮርሶችሽ ውስጥ ፍሉይድ መካኒክስን (የውኃና የአየር ፍሰት ትምህርት)፣ ጂአይኤስን (በኮምፒውተር የካርታ መረጃ መተንተን) እና ሪሞት ሴንሲንግን (መሬትን ከርቀት በምስል ማጥናት) ያዢ። ፎቶግራፊን ማይነር፣ ማለትም ሁለተኛ ደጋፊ የትምህርት መስክ፣ ማድረግ ከተቻለ አድርጊው። ድሮን ለሥራ ለማብረር ፓርት 107 የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በአንድ የጽሑፍ ፈተና ይገኛል፣ ተማሪ ሆነሽ ልትወስጂው ትችያለሽ። በዚህ መስክ ካሉት ሥራዎች የፌዴራሎቹ፣ ለምሳሌ ሃኖቨር ኒው ሃምፕሻየር ያለው የአሜሪካ ጦር የቅዝቃዜ አካባቢዎች ላቦራቶሪ፣ ብዙ ጊዜ ዜግነት ይጠይቃሉ። ጊዜሽ ሲደርስ የዜግነት ማመልከቻሽን አታዘግዪ።

በፎቶው ብቻ መኖር ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ነጭ ነጯን ልንገርሽ። በዚህ ዓይነት ፎቶ ብቻ የሚኖር ሰው በጣም ጥቂት ነው። ስቶክ ላይ፣ ማለትም ፎቶሽን ለብዙ ሰው በኢንተርኔት በሚሸጡልሽ ድርጅቶች ላይ፣ አትመኪ። አዶቢ ስቶክ ለፎቶ አንሺው 33 በመቶ ይሰጣል፤ ሹተርስቶክ እንደ ሽያጭሽ ብዛት ከ15 እስከ 40 በመቶ፣ እሱም ቆጠራው በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ከዜሮ ይጀምራል። ከአንድ ፎቶ የሚደርስሽ ብዙ ጊዜ ሳንቲም ነው። አሁን ደግሞ ነጭ ሞገድ የሚመስል ምስል ኤአይ በሰከንድ ያወጣዋል። የትና መቼ እንደተነሳ የሚታወቅ፣ በአንድ ቦታ ዓመት ከዓመት የተከታተልሽው ሥራ ግን የአንቺ ብቻ ነው። ጉልበትሽን እዚያ ላይ አውዪው።

ለዚያ ሥራ ሚኒሶታ መልካም ቦታ ነው። በ2008 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የሽያጭ ታክስ ላይ 0.375 በመቶ ተጨመረ፤ ከዚያ ገንዘብ 19.75 በመቶው ለኪነ ጥበብና ለባህል ቅርስ ነው። የስቴቱ የአርት ቦርድና የየአካባቢው የአርት ካውንስሎች ለግለሰብ አርቲስት የሚሰጡት ድጋፍ ከዚያም ይመጣል። መጀመሪያ ግን በስቴት ፌሩ፣ በስቴቱ ዓመታዊ ትልቅ ትርኢት፣ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ ተወዳደሪ። ፎቶግራፍ የራሱ ክፍል አለው፣ ዳኞች ይመርጣሉ፣ ለሚኒሶታ ነዋሪ ክፍት ነው። እዚያ መመረጥ ሲቪሽ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው።

ሆስፒታሎችም ፎቶ ይገዛሉ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለው። ስዊድን ኡፕሳላ ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሕሙማን ላይ ሮጀር ኡልሪክና ባልደረቦቹ ጥናት ሠርተው ነበር። ውኃና ዛፍ ያለበት ፎቶ ያዩት ጭንቀታቸው ቀለል ሲል፣ አብስትራክት (ምንነቱ በግልጽ የማይለይ) ምስል የተሰቀለላቸው የባሰ ተጨንቀው ተገኙ። ለሕሙማን ክፍል የሚገዙ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። ለእነሱ ስትልኪ አድማስ ወይም ዛፍ የሚታይባቸውን ምረጪ፤ ንጹሕ አብስትራክቶቹን ለኤግዚቢሽን አቆዪ።

ቤተሰቦችሽ ስለ ሠርግ ያሉሽን አትናቂው። ሠርጉ በአብዛኛው በሰመር ነው፣ የአንቺ በረዶ በዊንተር። አይጋጩም። ደግሞ የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ በጠራራ ፀሐይ ማንሳት በረዶ ከማንሳት ጋር አንድ ዓይነት ፈተና አለው። ካሜራው ነጭ ሲያይ “በጣም ደምቋል” ብሎ ወደ ግራጫ ያወርደዋል። ከላክሻቸው አንዳንዶቹ እንደዚያ ሆነዋል። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን) ከ1 እስከ 2 ስቶፕ፣ ማለትም ደረጃ፣ ከፍ አድርጊ፣ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ቀኝ ጠርዝ ላይ እንዳይቆረጥ ግን ተጠንቀቂ። የጥላውን ሰማያዊነት ሙሉ በሙሉ አታጥፊው፤ ጥላው ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከሰማይ የሚመጣ ስለሆነ እውነተኛ ቀለሙ ነው። በነገራችን ላይ፣ በተማሪ ቪዛ ያላችሁ አንባቢዎች ሠርግ በክፍያ ከማንሳታችሁም ሆነ ፎቶ ከመሸጣችሁ በፊት የትምህርት ቤታችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቁ። ቀላል ነገር አይደለም።

አዲስ ካሜራ አትግዢ። ያለሽ ይበቃል። ገንዘብ ካለሽ ጠንካራ ትራይፖድ፣ ትርፍ ባትሪና ጥሩ ቦት ግዢ። ብርድ ባትሪን ቶሎ ስለሚያደክም ትርፉን ከውስጥ ኪስሽ ያዢው። ቤት ከመግባትሽ በፊት ካሜራውን ላስቲክ ውስጥ አሽገሽ፣ ቀስ ብሎ እስኪሞቅ አትክፈቺው፤ አለዚያ እንፋሎት ይይዘዋል። ስለ ሐይቁ ደግሞ አጥብቄ እለምንሻለሁ። የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በእግር ለመሄድ ቢያንስ 4 ኢንች ጥርት ያለ አዲስ ግግር ይላል፤ ነጣ ያለው ከሆነ እጥፍ ያስፈልጋል። ሳትለኪ አትግቢ፣ ብቻሽንም አትሂጂ።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ሥሪ። ሴንት አንቶኒ ፎልስ ላቦራቶሪ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ለሚሠራ አንድ ፕሮፌሰር ኢሜይል ጻፊ። አጭር ይሁን። ማን እንደሆንሽ፣ የ2014ቱን ሥራ ማንበብሽንና አንድ ያልገባሽን ነገር፣ ከዚያ ሦስት ፎቶ ብቻ፣ እያንዳንዳቸው ቀን፣ ቦታና የነፋስ መረጃ ያላቸው። ለሰመር የተማሪ ረዳት እንደሚፈልጉ ጠይቂ። ሁለት ሳምንት ጠብቀሽ መልስ ካልመጣ ደግመሽ ጻፊ፤ ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ይበዛባቸዋል፣ መናቅ አድርገሽ አትውሰጂው። ረቂቁን መጀመሪያ ለእኔ ከላክሽልኝ አይቼ እመልስልሻለሁ።